መጽሐፉና መለኪያው ሲለያዩ
የሞተር ብስክሌትን ዘይት በቤት ስለ መለወጥ የተሰጠ ትምህርት

ገዳሪፍ የእርሻ አገር ነው። ከጋላባት ድንበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው፥ ዓይን እስኪታክት ድረስ የተዘረጋውን የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ነው። በዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተርና ዘይት ከዘርና ከዝናብ ጋር ተቈጥረው፥ የገበሬው የዘወትር አሳብ ሆነዋል።

ዛሬ በድንበሩ በሁለቱም ወገን፥ በመተማም ሆነ በገዳሪፍ፥ ከትራክተሩ ሌላ ብዙ ሥራ የሚሠራው ሞተር ብስክሌት ነው። ለሰሊጥ አጫጆች ውሃና ስንቅ ያደርሳል፤ ለቆመ ትራክተር መለዋወጫ ያመላልሳል፤ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳል፤ የእርሻ ባለሙያውንም ከማሳ ወደ ማሳ ያዘዋውራል። የሰሊጥ አጨዳ ደግሞ ቀን የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ ፍሬው ከደረሰ በኋላ አጨዳው ከዘገየ ቆባው ተከፍቶ እህሉ በመሬት ላይ ይረግፋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ የቆመበት ሰው የሚያጣው የመጓጓዣውን ምቾት ብቻ ሳይሆን የዓመት ልፋቱን ጭምር ነው።

ጠጋኝ በሩቅ ከተማ ስለሚገኝ፥ በአፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ኑሮና ንግድ ስለ ከበደ፥ ብዙ ሰው የሞተሩን ዘይት በቤቱ ደጃፍ ራሱ ይለውጣል። ይህም መልካም ልማድ ነው፤ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ዳሩ ግን ሥራውን በጀመረ ጊዜ አንድ እክል ያጋጥመዋል። ከሞተሩ ጋር የተሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ አንድ ነገር ይናገራል፥ የዘይት መለኪያው ዘንግ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በዚህ ጊዜ አንዱ «መጽሐፉ አይሳሳትም» ብሎ የተጻፈውን ሁሉ ይጨምራል፤ ሌላው «መጽሐፍ ምን ያውቃል» ብሎ በግምት ይሞላል። ሁለቱም ሞተራቸውን ሊጎዱ ይችላሉ። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀጥተኛ መንገድ ማሳየት ነው።

መጽሐፉ የተሳሳተ የሚመስለው ስለ ምንድር ነው?

መጽሐፉ ተሳስቷል ከተባለበት ጊዜ አብዛኛውን የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ምክንያቶቹንም አንድ በአንድ እንመልከት።

1ኛ/ የዘይቱ ልክ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ በልዩ ልዩ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ ከ1976 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበውን ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ብስክሌት እንውሰድ። ይህ ሞተር የታሰበው ጭነት በሚበዛበትና ጥገና በሚያንስበት አገር ለሚነዳ ሰው ነበር። መሐንዲሶቹ በእስያ አገሮች ተዘዋውረው ሲመረምሩ፥ ሕዝቡ ሞተሩን ከልኩ በላይ እንደሚጭነውና ዘይቱንም በጊዜው እንደማይለውጥ ስለ ተረዱ፥ የቆሸሸ ዘይትን የበለጠ የሚታገሥ አሠራር መረጡ። በኋላም ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች የዚህኑ ሞተር ዓይነት እየሠሩ በአፍሪካና በእስያ ስለ ሸጡት፥ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ በዘሩ ሞተር ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

የዚህ ሞተር መጽሐፍ ስለ ዘይቱ ልክ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። አንዱ 0.9 ሊትር፥ ሁለተኛው 1.1 ሊትር ነው። ፊተኛው አሮጌው ዘይት በማፍሰሻው ወጥቶ አዲስ በሚጨመርበት ጊዜ የሚያስፈልገው ነው። ሁለተኛው ግን ሞተሩ በሙሉ ተፈትቶ፥ ታጥቦና ደርቆ እንደገና በሚገጠምበት ጊዜ የሚገባው ነው። የሁለቱ ልዩነት 0.2 ሊትር ከየት መጣ ቢባል፥ ዘይት በማፍሰሻው ቀዳዳ ብቻ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ነው። ጥቂቱ በፍሪሲዮኑ መካከል፥ ጥቂቱ በቀጫጭን መተላለፊያዎች፥ ጥቂቱም በማጣሪያውና በየማዕዘኑ ይቀራል።

እንግዲህ ባለ ሞተሩ የታችኛውን መስመር አንብቦ 1.1 ሊትር ቢጨምር፥ ቀድሞ የቀረው ሲደመርበት ዘይቱ ከልኩ 0.2 ሊትር ያህል ይተርፋል። መለኪያው ከላይኛው ምልክት አልፎ ሲያይ «መጽሐፉ ተሳስቷል» ይላል። መጽሐፉ ግን አልተሳሳተም፤ የተነበበው የሌላ ሥራ መስመር ነው። የዘይት ማጣሪያቸው እንደ ጣሳ ሆኖ የሚለወጥ ሌሎች ሞተሮችም ሦስተኛ ቁጥር አላቸው፤ ይኸውም ማጣሪያው አብሮ ሲለወጥ የሚጨመረው ልክ ነው።

2ኛ/ መስፈሪያው ልዩ ይሆናል። የእንግሊዝ ጋሎን 4.546 ሊትር ሲሆን የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ብቻ ነው። የጋሎን አንድ አራተኛ የሆነው ኳርትም እንዲሁ በእንግሊዝ 1.136 ሊትር፥ በአሜሪካ 0.946 ሊትር ይመዝናል። የእንግሊዝ ሥራ የሆኑ አሮጌ ትራክተሮች ያሏቸው ገበሬዎች ይህን ነገር ቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ «ኳርት» ወይም «ፓይንት» የሚል ቃል ያገኘ ሰው፥ የማን አገር መስፈሪያ እንደ ሆነ ሳይለይ ዘይት አይጨምር።

3ኛ/ መጽሐፉ የሌላ ሞተር ይሆናል። አንድ ስም ያለው ሞተር ብስክሌት በልዩ ልዩ ዓመትና በልዩ ልዩ አገር ሲሠራ ሆዱ ይለወጣል። ከገበያ በሁለተኛ እጅ የተገዛ ሞተር ደግሞ የወንድሙን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል የማፍሰሻውን ብሎን በግራ አድርጎ ሲያሳይ በሞተሩ ላይ ብሎኑ በመካከል ቢገኝ፥ ይህ የመጠራጠሪያ ምልክት ነው። በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፈው ዓይነት ጋር ማስተያየት ይገባል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የዘይቱ ልክ ራሱ በብረቱ ላይ በቀረጻ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ ሲገኝ ከወረቀቱ ይልቅ ብረቱ ይታመናል።

4ኛ/ የአገሩ አየር ልዩ ነው። መጽሐፉ 10 ደብልዩ 30 የተባለውን ዘይት ያዝዛል፥ በገዳሪፍ ገበያ የሚገኘው ግን 20 ደብልዩ 50 ነው እንበል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ውፍረት፥ ከደብልዩ በኋላ ያለውም ሞተሩ በጋለ ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። በረዶ በሚወርድበት አገር ለሚኖር ሰው ፊተኛው ቁጥር ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ጧት ዘይቱ ረግቶ ሞተሩ አይነሣለትም። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በገዳሪፍ ሜዳ ግን ይህ ችግር የለም። በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የአየሩን ሙቀትና ለዚያ የሚስማማውን ዘይት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡ ወፍራሙን ዘይት ለሙቅ አገር ከፈቀደ በእርሱ መጠቀም ስሕተት አይደለም፤ ካልፈቀደ ግን በራስ አሳብ ከሰንጠረዡ መውጣት አይገባም።

ከውፍረቱ ሌላ የዘይቱ ዓይነትም መታወቅ አለበት። በአብዛኛው ሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ለአውቶሞቢል ብቻ የተዘጋጀ፥ ነዳጅ እንዲቆጥብ ማለስለሻ የተጨመረበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ሞተሩ ይጮኻል፥ ጎማው ግን ኃይል አያገኝም። ለዚህ ጉዳይ በጃፓን በ1998 ጃሶ የተባለ የዘይት ደረጃ ወጥቷል። በጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበት ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ነው። ማሸጊያው የተነካ ጣሳ ወይም ከበርሜል ተቀድቶ የሚሸጥ ምንጩ ያልታወቀ ዘይት ርካሽ ቢመስልም በመጨረሻ ዋጋው ይከብዳል።

የመለኪያው ዘንግም ሊያሳስት ይችላል

መጽሐፉን የሚጠራጠር ሰው አስቀድሞ መለኪያውን በትክክል አንብቦ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። በዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ዘወትር ይታያሉ።

የመጀመሪያው ሞተሩን በጎን መቆሚያው አስደግፎ መለካት ነው። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ዘይቱም አብሮ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መለኪያው በቀኝ በኩል ከሆነ ሳይጎድል የጎደለ መስሎ ይታያል። ባለ ሞተሩም ይጨምርበታል። በገዳሪፍና በመተማ ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ የመካከል መቆሚያው እንኳ በአንድ ወገን ስለሚሰጥም፥ ከሥሩ ሳንቃ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመለኪያውን ዘንግ ማጥበቅ ነው። ዘንጉ የሚጠብቅ ጥርስ ካለው፥ ብዙ መጻሕፍት ሲለካ ሳይጠብቅ በቀዳዳው አፍ ላይ እንዲያርፍ ያዝዛሉ። አጥብቆ የሚለካ ሰው ዘንጉን ወደ ታች ስለሚያወርደው ዘይቱ ከፍ ብሎ ይታየዋል፤ በእውነቱ ግን ጎድሏል። አጥብቁ የሚሉ መጻሕፍትም አሉ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር የጎረቤት ምስክርነት አይበቃም፥ የራስን ሞተር መጽሐፍ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው ሞተሩ እንደ ጠፋ ወዲያው መለካት ነው። በዚያ ጊዜ ዘይቱ ገና በላይኛው ክፍል ተረጭቶ ስለሚገኝ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያሻል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ለብሎኑ ልክ የሆነ ቁልፍ፥ ዘይት መቀበያ ሳፋ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ አዲስ ዘይትና ልኩ የታወቀ መስፈሪያ። መስፈሪያ የሌለው ሰው ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ጠርሙስ በደንብ አድርቆ ይጠቀም። ጠርሙሱ እስከ አፉ ከተሞላ ግን ከተጻፈበት ልክ ስለሚበልጥ፥ አስቀድሞ አዲስ ሲገዛ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በምስማር ጭሮ ምልክት ማድረግ ነው።

ሀ/ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማሞቅ፥ ከዚያም ማጥፋት። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፥ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ነገር ግን እጅ እስኪያቃጥል ድረስ መጋል የለበትም።

ለ/ በመለኪያው ቀዳዳና በማፍሰሻው ብሎን ዙሪያ ያለውን አቧራና ጭቃ በጨርቅ መጥረግ። የዋልካ አቧራ ወደ ሞተሩ ከገባ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላል።

ሐ/ ብሎኑን ፈትቶ ዘይቱን በሳፋው መቀበል። በአንዳንድ ሞተሮች ከብሎኑ ጋር ሞላና የሽቦ ወንፊት አብረው ይወጣሉ፤ አወጣጣቸውን አስተውሎ ማየትና በዚያው ሥርዓት መመለስ ይገባል። ወንፊቱ ላይ የብረት ስባሪ ከተገኘ ሞተሩ በውስጥ ተጎድቷልና ለባለሙያ ይታይ።

መ/ የፈሰሰውን ዘይት በመስፈሪያው መለካት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፥ ዳሩ ግን የሚያስተምረው ብዙ ነው። ዘይቱ ሳይፈስ ልኩ ላይ ከነበረ፥ የወጣው ልክ የሚገባውን ልክ ይነግረናል። 0.9 ያህል ከወጣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚነበበው መስመር የቱ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገለጻል።

ሠ/ ብሎኑን በእጅ ማስገባት፥ በመጨረሻም በቁልፍ በልኩ ማጥበቅ። የሞተሩ ሆድ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ ኃይል ሲበዛበት ጥርሱ ይበላል። እዚህ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን የአባቶች ቃል ማስታወስ ይጠቅማል።

ረ/ መጽሐፉ ካዘዘው ልክ ጥቂት ቀንሶ መጨመር፤ ለምሳሌ 0.9 የሚል ከሆነ በመጀመሪያ 0.8 ሊትር። ከዚያም ሞተሩን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በዝግታ ማስነሣት፥ አጥፍቶም እንደዚያው ያህል መታገሥ፥ ቀጥ አድርጎ አቁሞ መለካት፥ የጎደለውንም በጥቂት በጥቂቱ እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ መሙላት። ከላይኛው ምልክት ማለፍ አይገባም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር ይህ ነው። በመጽሐፉ የተጻፈው ቁጥር ምን ያህል ዘይት እንደምንገዛ ይነግረናል፤ የት ላይ እንደምናቆም የሚነግረን ግን በትክክል የተነበበው ምልክት ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ሥራው አልቋል። ሁለቱ በብዙ ሲለያዩ ግን ሞተሩን ከመንዳት በፊት ከላይ የተዘረዘሩትን ምክንያቶች እንደገና መመርመር ነው። ሁሉም ተመርምሮ ልዩነቱ ካልጠፋ፥ ያን ጊዜ በመጽሐፉ ውስጥ የኅትመት ወይም የትርጉም ስሕተት አለ ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ያንኑ ዓይነት ሞተር የሚያውቅ ባለሙያም ይጠየቅ።

ዘይቱ ቢበዛ ምን ይጎዳል? የሚል ሰው ይኖራል። የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ግፊቱም ሲበረታ ዘይቱ በጓርኒሲዮኑና በመተንፈሻው በኩል ይወጣል፥ የአየር ማጣሪያውንም ያረክሳል። ቢያንስስ? የቀረው ቶሎ ይግላል፥ በዳገትም ጊዜ ፓምፑ ከዘይት ይልቅ አየር ይስባል፤ ሞተሩም በውስጡ ተበልቶ ይቀራል።

ስለ መለወጫው ጊዜ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። መጽሐፉ የሚሰጠው የኪሎ ሜትር ቁጥር በደኅና መንገድ ለሚነዳ ሞተር ነው። በአቧራ፥ በከባድ ጭነትና በብርቱ ሙቀት ለሚነዳ ከዚያ አስቀድሞ መለወጥ እንደሚገባ ብዙ መጻሕፍት በትንሽ ፊደል ይጽፋሉ። የአጨዳ ወራት በገዳሪፍ ሦስቱም የሚገናኙበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አጨዳ ከመግባቱ በፊት መለወጥ ብልኅነት ነው።

ስለ ፍሬን ዘይት

የፊት ፍሬኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሞተር ያለው ሰው፥ የፍሬኑ ዘይት ከሞተሩ ዘይት ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ይወቅ። በመክደኛው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የታዘዘውን ብቻ መጨመር ይገባል። የሞተር ዘይት ከተጨመረበት ጎማዎቹ አብጠው ፍሬኑ ይበላሻል። ዶት 5 የተባለውም ዘሩ ልዩ ስለ ሆነ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። በክረምት ተከፍቶ የከረመ ጣሳ እንግዲህ ለነፍስ አያስተማምንም። ከፍሬኑ ውስጥ አየር ማውጣት ያልተማረ ሰው ይህን ሥራ ለባለሙያ ቢተው ይሻላል።

ስለ ፈሰሰው አሮጌ ዘይት

ሥራው ሲያልቅ በሳፋው የቀረው ጥቁር ዘይት የት ይጣል? በዚህ አገር ይህ ጥያቄ ከሁሉ የሚከብድ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ በበጋ ውሃ የሚቸግርበት አገር ስለ ሆነ፥ ብዙ መንደር የሚጠጣው በክረምት ጎርፍ ሐፊር ከሚባለው ኩሬ ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃ ነው። በደጃፍ ላይ የፈሰሰ ዘይት በመጀመሪያው ዝናብ ከጎርፉ ጋር ወርዶ ወደዚያው ይገባል፤ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

ስለዚህ አሮጌው ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ፥ ከሕፃናትና ከእህል ርቆ ይቀመጥ፤ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ወይም ነጋዴም ይሰጥ። በአንዳንድ ስፍራ ለመዥገርና ለእከክ ሲሉ በከብትና በግመል ቆዳ ላይ ይቀቡታል። በዚህ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝና የቃጠሎ መርዝ ስላለበት ይህ ልማድ ጎጂ ነው፤ ለእንስሳ በሽታ የእንስሳ ሐኪም መድኃኒት አለ። የሠራተኛውም እጅ ሥራው እንዳለቀ በሳሙና ይታጠብ፤ ጥቁር ዘይት በቆዳ ላይ ሲመላለስ ጤና ይጎዳልና።

ማጠቃለያ

በመጨረሻ እያንዳንዱ ባለ ሞተር አንድ ትንሽ ልማድ እንዲይዝ እንመክራለን። ዘይት በለወጠ ቁጥር ቀኑን፥ ኪሎ ሜትሩን፥ የወጣውን ልክ፥ የገባውን ልክና የዘይቱን ዓይነት በዚያው በመመሪያው መጽሐፍ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከጻፈ በኋላ ስለዚያ ሞተር የሚያውቀው፥ መጽሐፉን በሩቅ አገር ካዘጋጁት ሰዎች ይልቅ እርሱ ይሆናል። የወጣው ልክ ከገባው እያነሰ ሲሄድ ካየ፥ ሞተሩ ዘይት እየበላ ወይም እያንጠባጠበ መሆኑን ሳይቆምበት በፊት ያውቃል። መጽሐፍ የሚጠቅመው ከዓይንና ከመስፈሪያ ጋር ሲነበብ ነው። እንዲህ ያደረገ ገበሬ ሰሊጡ በደረሰ ቀን ሞተሩን ሲቀሰቅሰው ይነሣለታል።